የሦስተኛው ሳምንት ዘቢብ

ዓርብ ጠዋት እንደ ሌላው ዓርብ ተነሣሁ። በሌሊት ከበሩ ሥር የገባውን አሸዋ ጠረግሁ። ቧንቧው ስላልመጣ ከበርሜሉ ቀድቼ ታጠብሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ቆሜ ጠጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አጥፌ በላስቲክ ከረጢት ከተትሁና ወጣሁ። ሰሃፋ ካለው ቤቴ እስከ ቡሪ በሁለት ሀፍላ ነው የሚኬደው። ዓርብ ጠዋት ተሳፋሪ ስለሌለ ሾፌሮቹ መኪናው እስኪሞላላቸው አይንቀሳቀሱም። እኔም ተቀምጬ ጠበቅሁ።

በካርቱም የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። እሑድ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚውል እኛ ኢትዮጵያውያን ሉተራውያን የምናመልከው ዓርብ ነበር፤ አዳራሹን ያዋሱን የአንድ ሱዳናዊ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። አድቬንትንም፣ ከገና በፊት የጌታን መምጣት የምንጠብቅባቸውን አራት ሳምንታት፣ በዓርብ እንቆጥራለን። በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ ያ ዓርብ ሦስተኛው ነበር።

ቄስ ካጣን ቆይተናል። የነበሩን ቄስ ከቤተሰባቸው ጋር ካናዳ ገብተዋል። ስብከቱን ሽማግሌዎች በተራ ያቀርባሉ፤ ጸሎት እኔም እመራለሁ። የጌታን እራት ግን ያለ ቄስ አናቀርብም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አንድ ቄስ እንዲላኩልን ለምነን፣ ሐሙስ ማታ ይገባሉ ተብለን ነበር።

ሱዳን ውስጥ የወይን ጠጅ ክልክል ነው። የእኛ ጽዋ የዘቢብ ውኃ ነው። ዘቢቡ ታጥቦ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ በዚያው ቀን ይጠጣል። በዚያ ሙቀት ከቆየ ይብላላል። ድሮ የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ፤ በዚያ ዓመት ግን የኔነሽ አጥብቃ ለመነችኝና ተውሁላት።

የኔነሽ እንደ ብዙ የማኅበራችን ሴቶች ከከተማው ዳር ባለው የድሆች ሠፈር፣ በማዮ ትኖራለች፤ ሰሃፋ ገበያ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ልጅ ሳለች ከጎንደር ድንበር ተሻግራ የመጣች ሴት ናት። የማኅበረ ምዕመናኑን ትምህርት የጨረሰችው ቄሱ ከሄዱ በኋላ ስለሆነ ከእኛ ጋር አንድም ቀን አልቆረበችም። ባለቤቴ ጸጋዬ ሲሞት ሻይ መሸጧን ትታ ቤቴ መጥታ ልብስ አጠበች፣ እንግዳ አስተናገደች። አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገረችም። ስለዚያ ሳምንት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አዳራሹ በር ላይ ማሰሮዋን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋ መጣች።

«ኡስታዛ፣ ይቀበሉኝ» አለችኝ። ለስደተኛ ልጆች እንግሊዝኛ ስለማስተምር ሁሉም እንደ አገሩ ሰው ኡስታዛ ይሉኛል። «ሀፍላ ውስጥ አንዱ ሰውዬ ‹ምንድን ነው የታቀፍሽው?› ብሎ ሊገድለኝ! ‹ልጄ ነው› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ› አለኛ! ደግሞ ዝም አሰኘሽው ብሎ አመሰገነኝ።»

ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ነጩን ልብስ ስታለብስ ሽማግሌያችን አቶ ኢተፋ ገቡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ነበር።

«ቪዛው አልወጣም» አሉ። «አሁን ደውዬ ነው የመጣሁት። በሚቀጥለው ዓርብ ኢንሻላህ ተባልሁ።»

«ኢንሻላህ ያሉት ቄሱ ናቸው?» አለች የኔነሽ።

አቶ ኢተፋም ሳይቀሩ ሳቁ። ሦስተኛውን ሻማ ለኮስን፣ ዘመርን፣ ስብከቱን ሰማን፣ ያለ ጽዋ ተበተንን።

ሰው ሲወጣ ማሰሮውን ከልብሱ ሥር አወጣሁት።

«ይደፋ» አልኋት። «ለሚቀጥለው ዓርብ አዲስ ትሠሪያለሽ።»

«ከማዕዱ ላይ የተነሣ ነገር ይደፋል?»

«ቃሉ አልተነገረበትም። ቃሉ ካልተነገረበት ዘቢብና ውኃ ነው፤ ተምረሻል።»

«ተምሬያለሁ። እጄ ግን እሺ አላለኝም።»

«እንግዲያው እንጠጣው።»

«ከጌታ በፊት? ኡስታዛ ደፋር ነዎት!» ብላ ሳቀችና ማሰሮውን ወሰደችብኝ። «ለሬሕማ ልጆች እሰጣቸዋለሁ። ልጅ ሲጠጣው ኃጢአት የለውም።»

ሬሕማ ማዮ ውስጥ ከኔነሽ ጋር አንድ ግቢ የምትኖር የወሎ ሙስሊም ናት። ቡሪ አንድ ሰው ቤት በሠራተኛነት ትውላለች። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሬ ተደበደበ። ሬሕማ ነበረች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው።

«ኡስታዛ፣ የኔነሽን ያዟት። ትናንት ከሻ ነበረ።» ከሻ ማለት ፖሊስ ሠፈሩን ዘግቶ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ነው። «አረቂ ፍለጋ ነው የመጡት። እሷ ቤት ማሰሮ አገኙ።»

«የምን ማሰሮ?»

«የናንተው ነዋ! የዘቢቡ!»

«ለልጆችሽ እሰጣለሁ ብላኝ ነበር።»

«የት ሰጠች! በጨርቅ አስራ፣ ውኃ መያዣው ጋን ሥር አሸዋ ውስጥ ቀበረችው፤ ይቀዘቅዛል ብላ። እኔ ወላሂ ነግሬያታለሁ። ‹አንቺ ሴት፣ ይህ ነገር አረፋ ደፈቀ፣ ይሸታል፣ ድፊው› ብያታለሁ። ‹እስከ ዓርብ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ› አለችኝ። ፖሊሱ ገና ጨርቁን ሲፈታው ግቢው ሁሉ ሸተተ።»

«አሁን የት ናት?»

«መህከማ፣ ዳኛ ፊት ሊያቀርቧት ነው። ዛሬ። ያላ፣ ይልበሱ።»

መንገድ ላይ ኢዝዲንን ይዘን ሄድን። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው፤ ሰሃፋ ውስጥ የስልክ ካርድ ይሸጣል። የእኔ ዓረብኛ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለፍርድ ቤት አይበቃም። እሱ ደግሞ አማርኛው ይጎረብጣል፤ «እኔ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ አውቃለሁ፣ ሁለት ግማሽ አንድ ነው» ይላል። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

አቶ ኢተፋን የፍርድ ቤቱ በር ላይ አገኘናቸው። ቀድመውን ሰምተዋል። ወደ ግድግዳው ጥላ ሳቡኝ።

«ኡስታዛ፣ ሊናገሩ ነው?»

«አዎ። ለጌታ እራት የተዘጋጀ እንደሆነ እናገራለሁ።»

«እንዲህ ካሉ አዳራሹን ይዘጉታል። አዳራሹ ደግሞ የእኛ አይደለም፤ ያዋሱንን ሰዎች እናስመታለን። ቄሱ ዛሬ ማታ ይገባሉ፤ ቪዛው ወጥቷል። ከአየር ማረፊያ ይመልሷቸዋል።»

«ስለዚህ ዝም እንበል?»

«ዝም አላልኩም። መቀጫዋን እንክፈልላት ነው የምለው።»

«ጅራፍ አይከፈልም፣ አቶ ኢተፋ።»

እኔም ጥዬአቸው ገባሁ።

ክፍሉ ትንሽ ነበር። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ጦርነት ያፈናቀላቸው የደቡብ ሱዳን ሴቶች ናቸው። ዳኛው ወጣት ነው፤ ደክሞታል። አንዷ ትነሣለች፣ ማሰሮ ወይም ጀሪካን ይታያል፣ ጥቂት ቃል ይባላል፣ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትነሣለች። የኔነሽ ስትነሣ ሻሿ አልነበረም። ፖሊሱ የእኛን ማሰሮ ለዳኛው አቀረበ። ዳኛው አሸተተና ፊቱን መለሰ። እውነቱን ለመናገር ሽታው እኔ ድረስ መጥቷል፤ ተብላልቶ ነበር።

ቆምሁ። ኢዝዲን አጠገቤ ቆመ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህች ሴት አረቂ አትሠራም። ይህ ለአምልኮ የተዘጋጀ የዘቢብ ውኃ ነው። የምንጠጣው በዕለቱ፣ ሳይብላላ ነው። ቄሳችን ስለዘገዩ ተቀምጦ ተበላሸ።»

ኢዝዲን ተረጎመ። ዳኛው መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?»

አፌን ስከፍት የኔነሽ በዓረብኛ ቀደመችኝ። የሻይ ሻጭ ዓረብኛዋ ከእኛ ሁሉ ይሻላል።

«የማንም ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የእኔ ነው፣ ለራሴ የሠራሁት ነው። ይህች ሴት አስተማሪ ናት፤ ሻይ ትገዛኛለች። አሳዝኛት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ ኮስተር ብላ፣ «ኡስታዛ፣ ይቀመጡ። ቄሱ ይግቡ» አለችኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ ውሸቷን ነው፤ ለእኛ ብላ ነው» አልሁ። ኢዝዲን መተርጎም ሲጀምር ዳኛው በእጁ አስቆመው።

«ሴትየዋ አምናለች» አለ። «የመኖሪያ ፈቃድ አላት?»

አልነበራትም። ዳኛው ጻፈ። ኢዝዲን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ጅራፍ አርባ። ከዚያ ወደ ሀገር፣ በድንበር» አለኝ። እኔም ሰምቼው ነበር።

የተገረፈችው ከኋላ ባለው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት ነው። እኛ ከአጥሩ ውጭ ነበርን። ሬሕማ በከንፈሯ መቁጠር ስትጀምር እጇን ያዝሁት፤ ተወችው። የየኔነሽን ድምፅ አልሰማንም። ጅራፉን ብቻ ሰማን።

ወደ ፖሊስ መኪና ሲያመጧት ቀጥ ብላ ለመራመድ ትሞክር ነበር። ኢዝዲን ፖሊሱን ለመነልንና ጥቂት አስጠጉን። ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት ጨርቁ ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች።

«ለምን አልደፋሽውም?» አልኋት።

«እርስዎ ደግሞ፣ አሁን ይህ ይጠየቃል?» አለች። ከዚያ ወደ ሬሕማ፣ «ከሰል ማንደጃዬን ውሰጂ። ብርጭቆዎቹ ሰሃፋ መኪና ጠጋኙ ጋ ናቸው፤ እንዳይክድሽ።» ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። «ቁርባኑ ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

አቶ ኢተፋ ወዲያ ማዶ ቆመው ነበር፤ ሊጠጉ አልቻሉም። በአገጯ አሳየችኝ።

«እንግዲህ የእኔን ድርሻ ኢተፋ ይጠጡት። ጉሮሯቸው ደርቋል።»

መኪናው ሄደ። ያደረችው ሴቶች እስር ቤት ነው። ሬሕማ በማግስቱ ልብስ ይዛ ስትሄድ ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት እንደተወሰደች ነገሯት። ወደ መተማ በሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ አስጠየቅሁ። ያያት አልተገኘም።

ቄሱ ገብተው ነበር። አራተኛው ሻማ በራ። ዘቢቡን እኔ ቀቅዬ፣ እኔ ጠልዬ አቀረብሁ። ቄሱ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ስሟን ጠርተው ጸለዩ፤ አቶ ኢተፋ ጽዋው ሲደርሳቸው አሳለፉት። የማዮ ሴቶች አልመጡም። ለገናም አልመጡም። በየቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ በአክብሮት ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ። አንዷ ብቻ፣ «ኡስታዛ፣ እርስዎ ተናግረዋል፣ ሰምተናል። ሌሎቹ ግን የት ነበሩ?» አለችኝ።

አዳራሹ አልተዘጋም። ዓርብ ዓርብ እንሰበሰባለን፣ ቄስም አለን። ከማዮ የሚመጣ ሰው የለም።