ሳያዩ የሚጣል ነገር

ውባየሁ ያቺን ነገር ያገኛት ገላውን ሲታጠብ ነው። በግራ ጡቱ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ ተንጠልጥላለች። ቀጭን አንገት አላት። ሲነካት ወዲያና ወዲህ ትላለች። አታምም። ውኃውን ዘጋና እርጥብ እንደሆነ ቆሞ ቀረ።

ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት ከጅቡቲ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሯል። በዚያ መንገድ ጓደኞቹ ሲገለበጡ አይቷል፤ ጎርፍ አስፋልት ቆርሶ ሲወስድ አይቷል። እናቱ የሞተችው በጡቷ ሕመም ነው። መጀመሪያ ብጉር ናት አለች። ቀጥሎ በነጠላዋ ሸፈነችው። በመጨረሻ ሽታው ነጠላውን አልፎ ወጣ። ያኔ ልጅ ነበር፤ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው የለም።

ለሚስቱ ለይርገዱ አልነገራትም። ወንድ ልጅ ጡቴን አመመኝ ብሎ እንዴት ይናገራል? ዝም ብሎ ሁለት ወር ነዳ። ዝምታውን ያፈረሰው የመኪናው ቀበቶ ነው። ከግራ ትከሻው ወርዶ ልክ በተንጠለጠለችው ሥጋ ላይ ያልፋል፤ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ይፈትጋታል። አንድ ቀን አዋሽ አርባን ሳያልፍ ሸሚዙ ላይ ደም አየ።

አዋሽ ከተማ ባህሩ የሚባል ጋሪ ነጂ አለ። ኪንታሮት የወጣበት ሰው ወደ እሱ ይሄዳል፤ ከፈረሱ ጅራት አንድ ፀጉር ነጭቶ ይሰጣል።

«የት ላይ ነው?» አለ ባህሩ።

«እጄ ላይ።»

ባህሩ ሁለቱንም እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ምንም የለባቸውም።

«ብብቴ ሥር» አለ ውባየሁ።

«መቀመጫህም ላይ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ። ሾፌር ሁሉ ሲጠየቅ እጄ ላይ ነው ይላል።» ከጅራቱ ረጅሙን መርጦ ነጨ። «አጥብቀህ እሰራት። በሦስተኛው ቀን ትወድቃለች። ስትወድቅ እንዳታያት። ወደ ኋላህ ጣልና ሂድ። ካየሃት ትመለሳለች።»

ውባየሁ ከምክሩ ሁሉ የወደደው ይህን የመጨረሻውን ነው። አለማየትን ነበር የሚፈልገው።

ማታውን መጸዳጃ ቤት ገብቶ አሰራት። ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ሲነጋ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ጉዞ ጀመረ።

ገዋኔ ሲደርስ ያቃጥለው ጀመር። አዳይቱ ላይ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ ሸሚዙን ከፍቶ በስፖኪዮው አየ። ጠቁራለች። አብጣ የሽምብራ ፍሬ አክላለች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል። የእናቱም መጨረሻው ላይ ጠቁሮ ነበር። ቀበቶውን በብብቱ ሥር አሳልፎ አሠረና ቀጠለ። መንገዱን ያየው አይመስለውም። የሚያየው የእናቱን ነጠላ ነበር።

ሰመራ አንድ ምሳ ቤት በር ላይ ተገኘን አገኘው። ተገኘ በዚያው መስመር የሚነዳ የድሮ ጓደኛው ነው።

«ቀበቶህን በብብትህ አድርገህ ስትገባ አየሁህ። ምን ሆነህ ነው?»

«ሞቆኝ ነው።»

«ሰመራ ላይ ያልሞቀው ማን አለ?» ዓይኑ ሸሚዙ ላይ አረፈ። «ደረትህ ላይ ሸሚዝህ ርሷል። አራስ ነህ እንዴ ውቤ?»

ውባየሁ አልሳቀም። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ደረቱን በእጁ ሸፈነ። ተገኘ ያንን አየና ቀልዱን ተወ።

«ተነሥ» አለ። «እዚህ ጀርባ ክሊኒክ አለ።»

ሐኪሟ ሀምዳ የምትባል የአፋር ልጅ ናት፤ የእሱን የመጀመሪያ ልጅ ታህላለች። ውባየሁ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድ ሐኪም የለም?»

«ስልጠና ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ትጠብቀዋለህ አባ?»

የአፋር ሰው አማርኛ ሲናገር ሽማግሌውንም «አንተ» ይላል፤ ሾፌር ይህን ያውቃል፣ አይከፋውም። ገብቶ ሸሚዙን አወለቀ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ።

በጣቶቿ በጡቱ ዙሪያ ዳሰሰች። ከጫፉ ሥር ጫን አለች። ብብቱን ፈተሸች።

«ከጡትህ ጫፍ ፈሳሽ ወጥቶ ያውቃል? ከዚች ከተንጠለጠለችው ሳይሆን ከራሱ ከጫፉ?»

«የለም።»

«ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶብሃል?»

«እንደ ድሮው ነው።»

«ከቤተሰብህ በጡት የታመመ አለ?»

ዘገየ። «እናቴ» አለ።

መብራቱን አቀረበችና በወረንጦ አንድ ነገር መዘዘች። ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«ይህ ፀጉር ያንተ አይደለም።»

«የፈረስ ነው» አለ ውባየሁ።

ሀምዳ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

«ያጠቆራት በሽታ አይደለም። አንተ ነህ ያነቅካት። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል።»

ውባየሁ ሸሚዙን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለች። «አልጨረስኩም። ከሥሯ ጠጣር ነገር አላገኘሁም፤ አንገትም አላት። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የቆዳ ትርፍ ሥጋ ነው፤ ልብስ የሚፈትገው ቦታ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ደምታለች፤ እናትህም ታማለች። በዓይኔ አይቼ ደህና ነህ አልልህም። ከሥሯ ቆርጬ ለምርመራ እልካለሁ። ነገ ብትወድቅ ምን ልታደርጋት ነበር?»

«ሳላይ ወደ ኋላዬ ልጥላት።»

«ክፉ ብትሆንስ?»

እናቱም እንዲሁ ላለማየት ነበር የሸፈነችው፤ እሷ ጭራ አላሰረችም እንጂ።

አደንዝዛ ቆረጠች። ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ከታ ፊቱ አቆመችው። «እያት» አለች። አያት። ጥቁር ነጥብ ናት፤ ከታች ጥቂት ነጭ ሥጋ አላት።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ውባየሁ ሲበላ አይጣፍጠውም፤ ሲተኛ በቀኙ ይተኛል። በሁለተኛው ሳምንት ይርገዱ ፋሻውን አየችው። ሁሉንም ነገራት። እሷም እጇን ደረቱ ላይ ጣለች፤ እስኪነጋ አላነሣችውም።

ውጤቱን ሊቀበል ሰመራ ሲደርስ መኪናውን ክሊኒኩን በጀርባው አድርጎ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ሳይወርድ መሄድም ይችል ነበር፤ ሰርዶ ቅርብ ነው፣ ጋላፊም ሩቅ አይደለም። ቀበቶውን ፈታና ወረደ።

ሀምዳ ወረቀቱን አነበበች። «የቆዳ ትርፍ ሥጋ ነው። ክፉ ነገር የለውም።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። አዲስ እብጠት ካየ፣ ጫፉ ከደማ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ በዚያው ሳምንት እንዲመጣ አዘዘችው።

አዋሽ ላይ ባህሩ ፈረሱን ሲያጠጣ አገኘው።

«ወደቀች?»

«ወደቀች።»

«ወደ ኋላህ ጣልካት?»

«አይ» አለ ውባየሁ። «አየኋት። ሰመራ ያለች ሐኪም ቆርጣ አሳየችኝ። ጡቴ ላይ ነበረች።»

ባህሩ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ ሐኪም» አለ፣ «የሴትም ጡት ታያለች?»