«አይ፣ አይቸገሩ»

አቶ ገብረመድህን ፈረንጁን «አይ፣ አይቸገሩ» ሲሉት ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ደሜ ፈላ።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ ወሩ ጥር። ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ያለን ኢትዮጵያውያን ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰጥቶን ብርድ ልብስና የወተት ዱቄት እስከ ጣሪያው ሞልተናል። መሰብሰቡ አላስቸገረንም፤ የቸገረን መላኩ ነው፤ የመርከብ ዋጋ አይቀመስም። ኮሚቴውን የሚመሩት አቶ ገብረመድህን አገር ቤት ትልቅ ሹም የነበሩ፣ እዚህ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የገዛ እህታቸው ወይዘሮ ደመቀች ከቀያቸው ተፈናቅለው ወሎ መጠለያ ገብተዋል። ሁላችንም ከሌላ ሰው ሰምተናል፤ እሳቸው ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

የዚያን ዕለት ሜኔር ሆክስትራ የሚባል (ሜኔር እንደኛ «አቶ» ነው)፣ ሮተርዳም ካለ የእርዳታ ድርጅት የመጣ ሰው ምድር ቤታችንን ጎበኘ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አሰብ የሚሄድ መርከብ አለን፣ ዕቃችሁን በሙሉ በነጻ ልንጭንላችሁ እንችላለን አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አቶ ገብረመድህን ፈገግ አሉና በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛቸው፦

«አይ፣ አይቸገሩ። እኛ እንደምንም እናደርገዋለን» አሉት።

ምን እንደጠበቁ አውቃለሁ። በሞቴ እንዲባሉ ነው። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ ከዚያ «እንግዲህ እንዲህ ካሉማ» ሊሉ። ሆላንድ ውስጥ ማን በሞቴ ይላል? እዚህ አገር ብስኩት አንዴ ይቀርባል፤ እምቢ ካልክ ቆርቆሮው ይከደናል! ሰውዬው «ኦኬ» ብሎ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ቦታውን ለሌላ ሊሰጥብን እኮ ነው!» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ዝም በይ የትነበርሽ። ስግብግብ እንመስላለን። ተመልሶ ይጠይቀናል።»

ይጠይቃል! ስንት ዓመት እዚህ ኖረው!

አልጠየቀም። ቀኑ እየሄደ እሳቸው ይጠብቃሉ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ከማጸዳበት የአረጋውያን ቤት እንደወጣሁ በባቡር ሮተርዳም ሄድኩ።

«እምቢ ብላችሁኝ የለ?» አለ ሜኔር ሆክስትራ በጣም ተገርሞ።

«የእኛ ሰው መጀመሪያ እምቢ የሚለው ለወጉ ነው» አልኩት። እሱን ማስረዳት ግድግዳ ከመግፋት ይከብዳል። ግማሹን ቦታ ለሌሎች ሰጥቷል። የቀረውን ለመንኩ፣ ያለ ምንም ሐፍረት ለመንኩ፣ ሰጠኝ።

ወደቡ ላይ ዕቃው ሲጫን አቶ ገብረመድህን ኩርፍ ብለው ቆመዋል። «አዋረድሽን» አሉኝ። ግማሹ ብርድ ልብስ ምድር ቤት ቀርቶ፣ ሰው እዚያ በብርድ እየረገፈ፣ እሳቸው ስለ ውርደት ያወራሉ! ቃል ብመልስ ስድብ እንደሚያመልጠኝ ስለማውቅ ወደሚጫነው ዕቃ ዞርኩ።

ሜኔር ሆክስትራ መጥቶ ጨበጣቸው። «እዚያ ዘመድ አለዎት?» አላቸው።

«ሁሉም ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አልቻልኩም። «እህታቸው ወሎ መጠለያ ውስጥ ናቸው» አልኩ በሆላንድኛ። «ደመቀች ይባላሉ።»

አቶ ገብረመድህን ስሙን ሰሙ። ምን እንዳልኩ ለመረዳት ሆላንድኛ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

ሰውዬው ወደሳቸው ዞረ። «ወሎ የሚሠሩ ነርሶች አሉን። እንዲፈልጓቸው ልንገራቸው?»

«አይ፣ አይ...» ብለው ጀመሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁንም! በገዛ እህታቸው!

ዓይኔን ስገልጥ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል።

«እባክዎ ይፈልጉልኝ» አሉት።

ሰውዬው እሺ አለ። እሳቸው ግን ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«የትነበርሽ፣ ገብቶታል? በራሱ ቋንቋ ንገሪው፤ እባክሽ ድገሚለት።»

ደገምኩለት።