ሽታ የሌለው ጉድጓድ

አሰለፈች የቀሚሷን ጠርዝ እያራገፈች ከጓሮ ተመለሰች። ዘርፉ ከተቀመጠችበት ሰሌን ላይ ሆና አየቻት። የመጣችው ከግራሩ ዛፍ በኩል ሳይሆን ከማሳው በኩል ነበር።

«እትዬ አሰለፈች፣ የት ነበሩ?»

ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አባቷን ትናንት የቀበረች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ትጠይቃለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

«የት እሆናለሁ ልጄ፣ ጓሮ ነዋ!» ጎረቤቲቱ አሰለፈች ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። «ጋሽ አብተው ይባረኩ፣ ቦታ አዘጋጅተውልናል። በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ይወጣል እንዴ? የባቡር ጣቢያው ሙሉ ወንድ ነው!»

«የትኛውን ቦታ?»

«ያን የሣር ክዳን ያለውን። ሁለት ሳንቃ ጣል አድርገውበት እንዴት ያለ ሆኗል! ደግሞ ምንም አይሸት። የአባትሽ ጉድጓድ ሲባል እኔ ስንት ነገር ይመስለኝ ነበር።»

ዘርፉ ልትነሳ ስትል ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት። ሐዘኑ የተነሳባት መስሏቸዋል። ልጅቱ እንባ አልወጣትም እየተባለ ከትናንት ጀምሮ ስትታማ ነበርና አንዷ «ይኸው መጣላት» ብላ አንሾካሾከች።

አባቷ ሰንበታ የሞተው ንግሥቲቱ ባረፉበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በወባ ነው። በአዳማ ባቡር ጣቢያ ግቢ የሚኖሩትን የፈረንጆችና የግሪኮች ሽንት ቤት ሲጠርግ የኖረ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጠራጊዎች ያወጡትን ወስደው ገደል ይደፉታል። እሱ በአህያ ጭኖ ቤቱ ያመጣዋል። ከቤቱ ጀርባ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ በአንደኛው ዓይነ ምድሩን ይገለብጣል፣ ከባቡሩ ምድጃ የተጠረገ አመድ ይነሰንስበታል፣ የጤፍ ጭድ ያለብሰዋል፣ እንደገና ይገለብጣል። ሲሞላ በአፈር ይደፍነውና ሌላውን ይጀምራል። የተደፈነው ሁለት ክረምት ያልፍበታል።

መድረሱን የሚያውቀው በብረት ዘንግ ነበር። ሰክቶ ያቆያታል፣ ነቅሎ በእጁ ጀርባ ይነካታል። ከሞቀች «ገና እየሠራ ነው» ይላል፤ ከቀዘቀዘች «ተኝቷል» ይላል። የተኛው ጥቁር ነው፣ ይፈረፈራል፣ ዝናብ የነካው ዱር እንጂ ሌላ ነገር አይሸትም። የአዳማ መሬት አሸዋ ነው። የሰንበታም ማሳ ያለዚያ ፍግ ከእሾህ በቀር አታበቅልም፤ በእሱ ግን በቆሎዋ ሰው ትሰውር ነበር፣ ሽንኩርቷም እጅ ትሞላ ነበር።

በግራሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ገና ትኩስ ነው፤ ይሸታል። የሣር ክዳን ያለው የደረሰው ነው። ሰንበታ ትኩሳቱ ሳይጥለው ብረቷን ከዚያ ነቅሎ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ንኪ» ብሎ ልጁን ጠርቷት ነበር። ቀዝቃዛ ነበረች። ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ሊበትኑት ተስማሙ።

አብተው ደግሞ ለለቀስተኛው ክብር ሲል ከሁለቱ የማይሸተውን መረጠ።

አብተው የእናቷ ወንድም ነው፤ በሞጆ ኬላ ጸሐፊ ነው። እህቱ ከሞተች ወዲህ ወደዚህ ቤት ብዙም ብቅ ብሎ አያውቅም። ማታ ሰው ሲቀል በሰሌኗ አጠገብ ሲያልፍ ዘርፉ ካቦርቱን ያዘችው።

«ጋሼ፣ የከፈቱት ጉድጓድ የደረሰው ነው።»

«ምኑ ነው የደረሰው?»

«ፍጉ። አባዬ ሁለት ዓመት የጠበቀው። ይዝጉልኝ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የሚቀመጡበት በማሳዬ ላይ ነው። አንዴ ከተበላሸ እንደገና ሁለት ክረምት ይፈልጋል።»

«በዓይነ ምድር ላይ ዓይነ ምድር ቢጨመር ምን ይሆናል?» ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አብተው ግን መቀለዱ አልነበረም። «ይህን ሁሉ ሰው የት ልስደደው ታዲያ?»

«የግራሩን ሥር ይክፈቱላቸው።»

«እሱማ ይሸታል!»

«የሚሸተው እኮ ስላልደረሰ ነው!»

«ከሞጆ ድረስ የመጣ እንግዳ ወደሚሸት ቦታ እመራለሁ? ስለ ስማችን አስቢ እንጂ፣ አንቺ ልጅ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ አትልፊ። ከሰልስቱ በኋላ ሁለቱንም በድንጋይ አስደፍናቸዋለሁ። ቤቱ ይዘጋል፣ አንቺም ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። ባለቤቴን ታግዣታለሽ።»

«ማሳውስ?»

«የትኛው ማሳ?» አለ አብተው። እውነቱን ነበር፤ ማሳ መኖሩን አያውቅም።

ዘርፉ ካቦርቱን ለቀቀች። ዘንድሮ ከዘራች በገዛ ቤቷ የገዛ እህሏን እየበላች ትኖራለች፤ ካልዘራች የአብተው ሚስት ገረድ ትሆናለች። ይህን ለማወቅ የኬላ ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። ግን ሐዘንተኛ ከሰሌን አይነሳም፣ ሥራ አይነካም፣ ደጅ አይወጣም። ዘቅዝቃ በለበሰችው ነጠላ ውስጥ ቁጭ ብላ በጓሮ በር የሚወጡትን ማየት ብቻ ተፈቀደላት። ይወጣሉ፣ ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ፣ «ነፍስ ይማር» ይሏታል።

በማግስቱ ሰልስቱ ነበር። ወንዶቹ ከደጅ ቆመው የመጣውን ሁሉ ሲጨብጡ ዘርፉ እጃቸውን ታይ ነበር። አባቷ ሰው አይጨብጥም። ሰው ሲመጣ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ይልክና ጎንበስ ይላል። በሕፃንነቷ የሰው ሁሉ አባት እንዲህ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላት ነበር። ነፍስ ስታውቅ አፈረች። ገበያ ሲሄዱ ቀድማው ትራመዳለች፤ ልጁ መሆኗን የማያውቅ እንዳያውቅ። አንድ ቀን ለጓደኞቿም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲያጎነብስ ፈነዳች።

«እንደ ታሰረ ሰው ምን ያስመስልሃል? በአመድና በእንዶድ ፈትገህ ታጥበህ የለ እንዴ? ጨብጥ!»

«ይጨብጡኛል» አለ ሰንበታ። «ከዚያ ዞር ብለው በልብሳቸው ይጠርጋሉ። እሱን ከማይ ይቅርብኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘርፉ የሰዎችን እጅ መከታተል ለመደች። እውነቱን ነበር። ይጠርጋሉ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀረበ። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ምስር ወጥ ነው።

«ሽንኩርቱ እንዴት ያለ ነው!» አለች አሰለፈች ጉርሻዋን እየጠቀለለች። «የአትክልት ሻጯ የፋዲላ የዝዋይ ሽንኩርት ነው ይሄ። እኔ ከሌላ ሰው ገዝቼም አላውቅ።»

«ልክ ብለዋል፣ የፋዲላ ነው» አለች ዘርፉ። «ዝዋይን ግን አያውቀውም። እዚሁ ከኋላዎ አባዬ ነው ያበቀለው፤ እርስዎ ትናንት የተቀመጡበት አፈር ላይ። ለስንት ዓመት በልተውታል።»

አሰለፈች በጣቶቿ መካከል ያለውን ጉርሻ አየችው። ወደ አፏም ልትወስደው፣ ወደ ትሪውም ልትመልሰው አልቻለችም።

«ወይ ጉዴ!» አለች አንዷ። «እኔ እኮ ትናንት ደግሜ ነው የበላሁት!»

ከግራና ከቀኝ የዘርፉን ትከሻ ይዘው የነበሩት እጆች ቀስ ብለው ተነሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ፈቀቅ አሉ። ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርፉን የያዛት ሰው አልነበረም። ተነሳች። በመካከላቸው አልፋ በጓሮ በር ወጣች።

ሳንቃዎቹን ወረወረቻቸው። አፍንጫዋን በነጠላዋ አስራ በአካፋ ከላይ የተበላሸውን እየዛቀች ወደ ግራሩ ጉድጓድ አጋዘች። በየአካፋው የአንድ ለቀስተኛ ስም እየጠራች ተሳደበች። የአሰለፈች ድርሻ ከሁሉ ከበደ። መልካሙ ከመጥፎው ጋር ተለውሶ ስለነበር ብዙውን መጣል ነበረባት፤ ግማሽ ያህሉ ሄደ። ከዚያ አካፋው ጥቁሩን አገኘ። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ዝናብ የነካው ዱር ሸተታት።

በወንጂ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በቅርጫት እየሞላች ማሳው ላይ በእጇ መበተን ጀመረች።

አብተው ከበሩ ቆሞ ነበር። «ሰው እያየ ነው! በአባትሽ ሰልስት!»

«ይየኝ። ሞጆ አልሄድም፣ ጋሼ።»

«እብድ ትባያለሽ!»

«እብድ ሆኜም እዘራለሁ። ድንጋይ የሚያመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ይደፍናል።»

አብተው አንድ እርምጃ ወደ ማሳው ሄደ። ጫማውን አየ። ተመልሶ ገባ።

ፋዲላ የመጣችው በዚያ ሰዓት ነው፣ በማሳው በኩል፣ ከባቡር እንደወረደች። ወሎዬ ናት፤ ከጣቢያው አጠገብ አትክልት ትሸጣለች። መርዶውን የሰማችው መተሐራ ሆና ነበር።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«የዝዋይ ሽንኩርት ነጋዴ መጡ?» አለች ዘርፉ ቀና ሳትል።

ፋዲላ ጓዟን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ተቆጪኝ። ግን የዝዋይ ነው በይ ያለኝ አባትሽ ነው። ‹የሰንበታ ነው ካልሽ ማን ይገዛሻል› አለኝ። እኔማ አንድ ቀን በስሙ ልሽጥልህ ብዬው ሳምንት ኮረፈኝ።»

ዘርፉ ቅርጫቱን መሬት ላይ ጣለችው። ሁለት ቀን ሙሉ በሰው ሁሉ ተናዳለች፤ በአባቷ ግን ገና አልተናደደችም ነበር። ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ የኔ ነው ቢል! ምናለ ያንን እጁን...

ፋዲላ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀረበች።

የዘርፉ እጆች እስከ ክርን ጥቁር ናቸው። እንደዘረጋችላት ሳታዝዛቸው ወደ ኋላዋ ሄዱ። ጎንበስ አለች። እንዳጎነበሰች፣ ጣቶቿ ከወገቧ በኋላ እንደተቆላለፉ፣ ማን እንዲህ ይቆም እንደነበረ አወቀች፤ ቀና ማለትም አቃታት።

«አውጪው» አለች ፋዲላ። እጇን አላወረደችም። «አባትሽንም እንዲሁ ስለው ኖሬ አንድ ቀን አላወጣልኝም። አንቺ አውጪው።»

ዘርፉ ቀኝ እጇን አወጣች። ፋዲላ በሁለት እጇ ጨበጠቻት፣ ቆይታም ለቀቀቻት።

ዘርፉ የፋዲላን እጅ ተከታተለች። ዞር እስክትል፣ በቀሚሷ እስክትጠርግ ጠበቀች። ነፋስ ተነስቶ ነበርና ፋዲላ በዚያው እጇ የራሷን ነጭ ሻሽ አስተካከለች። ከጆሮዋ በላይ ሻሹ ላይ ጥቁር አፈር ቀረ።

ዘርፉ ሌላውንም እጇን ከኋላዋ አወጣች።