ታማኝ አባል

ልብስ ሰፊዋን ታማኝ ያላት ስልኳ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሚጽፍበት ገጽ ላይ ውሸትና ስድብ የሚያጸዱት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። “ይነሳ” ብሎ የጠቆመ ሰው ሌሎቹም ከተስማሙለት ኮከብ ያገኛል፤ ብቻውን ከቀረ ይቀማል። ኮከቡ ሲበረክት ከስሙ ጎን “ታማኝ አባል” የሚል ይለጠፍለታል። ከዚያ ወዲያ ሌሎች የጠቆሙትን ጽሑፍ የእሱ አንድ ንክኪ ከገጹ ያነሳዋል።

ዘዴው ቶሎ ነው የገባት። ምን ሲባል አንብቦ መጨነቅ! የጠቋሚው ቁጥር እስኪያሻቅብ ጠብቆ መንካት ነው። ስፒል በጥርሷ ይዛ፣ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳይነሳ፣ በአውራ ጣቷ ነካ ታደርግና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ከብዙ ሰው ጋር የሚነካ መቼ ይሳሳታል? ደንበኞቿ “እመት ታማኝ” እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷ ግን ደስ ይላታል። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እንዲህ ከፍ አድርጎ የጠራት ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ፣ አንዲት እናት በለጠፈችው ጽሑፍ ላይ ጥቆማው ጎረፈ። ጽሑፉ የሚወቅሰው የፋርማሲ ባለቤት ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እንዳሰማራ በምን ትወቅ! ከላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው የሽሮፕ ጠርሙስ ፎቶ ይታያል። ከዚያ በታች አልወረደችም። ነካችው፤ ተነሳ።

በማግስቱ ታናሽ እህቷ ደወለች።

“እቴቴ፣ ልጅቷን ሳል አላስተኛ ብሏታል። ሽሮፕ ገዝቼላት ነበር፣ ግን ትናንት ገጹ ላይ ልጆች ያሳምማል የሚል አይቼ ፈራሁ። አሁን ስፈልገው ደግሞ የለም።”

“ከተነሳማ ውሸት ነው። ዝም ብሎ የሚነሳ መሰለሽ? አጣርተው ነው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አንቺ ደሞ ስትፈሪ! ይልቅ ስጫት፣ ልጅቷን አታሰቃዪያት።”

ከልቧ ነው ይህን ያለችው። ጉዷ እዚህ ላይ ነው። ሳያነብ የሚነካ ሰው እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር፤ ሌሎቹ አጣርተው እንደሚነኩ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። እህቷ የጠየቀችው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነም ለመጠየቅ አልደከመችም።

ሽሮፑን በጠጣች በጥቂት ቀን ውስጥ የልጅቷ ፊት አበጠ፤ ሽንቷ ቆመ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የጠጣችውን አሳዩኝ አለ። እህቷ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ ስታወጣ ልብስ ሰፊዋ ሰማያዊውን ክዳን አየች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ “ብቻ ትዳንልኝ፣ ያኔ እነግራታለሁ” አለች ለራሷ። ፈሪ ሁልጊዜ ቀጠሮ አያጣም።

ልጅቷ አልዳነችም።

እህቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። “አይቼው ነበር እኮ! በዓይኔ በብረቱ አይቼው ነበር! ማነው ያነሳብኝ?”

ልብስ ሰፊዋ አቀፈቻት። ሌላ ምን ታድርግ!

“እጁ ይቆረጥ! ቤቱ ይፍረስ! እንደ እኔ አንጀቱ ይረር!” አለች እህቷ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። “አሜን በይ እንጂ እቴቴ!”

“አሜን” አለች ልብስ ሰፊዋ።