መምህሩ ሲፈተን

«አራት… ዘጠኝ…» አለና ዲበኩሉ ቆመ።

ዋቁማ ከጠረጴዛው ማዶ ጠበቀው። ጥቂት ቁጥሮች ነግሮት ከኋላ ወደ ፊት እንዲደግማቸው ጠይቆት ነበር። ዲበኩሉ ሥዕሎቹንም ቃላቱንም ያለ ችግር አልፏል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ቀጣዩ ቁጥር ከምላሱ ጫፍ ላይ ጠፋበት። ከውጭ የዕረፍት ሰዓት ጫጫታ ይሰማል።

ዲበኩሉ መቱ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምር ነው ጸጉሩ የሸበተው። ባለፈው ክረምት ከሁሩሙ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ድኗል። ይራመዳል፣ ይጫወታል፣ ሰው አይረሳም። ስሌት ጀምሮ መሐል ሲደርስ ግን የያዘው ቁጥር ያመልጠዋል። ወደ ሥራ በተመለሰ በሳምንቱ ርዕሰ መምህሯ ማስተማር መቀጠል ይችል እንደሆነ እንዲያይ ወደ ተማሪዎች አማካሪው ላከችው። አማካሪው ደግሞ ከዳሪሙ መጥቶ እዚሁ ግቢ የተማረው የዲበኩሉ የቀድሞ ተማሪ ዋቁማ ነው።

ቤት በዋለባቸው ወራት ዲበኩሉን የናፈቀው አንድ ነገር ነበር። ከባድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዞር ሲል በክፍሉ የሚወርደው ጸጥታ፤ ቀጥሎም ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ መልሱ ገብቷት ፊቷ ሲበራ ማየት። በእንቅልፍ ልቡ ሲያስተምር ትሰማው እንደነበር ሚስቱ እታፈራሁ ነግራዋለች።

«ባርሲሳ» አለው ዋቁማ፤ በተማሪነቱም መምህሩን የሚጠራው እንዲሁ በኦሮምኛ ነበር። «ዛሬ ደክሞዎት ይሆናል። ሰኞ እንድገመው። ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው።»

ዲበኩሉ ነገሩ ገባው። እታፈራሁ እያነበበችለት ቢለማመድ ሰኞ ያልፋል። ጠመኔው በጣቶቹ መሐል ያለ ያህል ተሰማው። እሺ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ማክሰኞ ዘጠነኛ ክፍል የሆነውን ሰምተሃል?» አለ።

«አልሰማሁም።»

«አንድ ጥያቄ ስሠራላቸው ተሳሳትኩ። ልጆቹ አውቀዋል፤ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። አንድም እጅ ያወጣ የለም። ስህተቴን እንዳለ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። እኔ የገባኝ ከክፍል ስወጣ ነው።»

«አክብረውዎት ነው።»

«አዎ፣ አክብረውኝ ነው። እኔን ላለማሳፈር ብለው ስህተት እየተማሩ ነው። ያየኸውን ጻፍ፣ ልጄ። ሰኞ አልመጣም።»

ዋቁማ ያየውን ጻፈ። ከዚያም ችግሩ ከጊዜ ጋር ሊሻሻል እንደሚችል፣ እስከዚያው ቤተ መጻሕፍት ቢመደብ እንደሚሻል ቀስ እያለ አስረዳው። ዲበኩሉ ሳያቋርጠው አዳመጠ።

ደወሉ ተደወለ። ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የእሱ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ ተማሪዎቹ እየተጋፉ ወደ ክፍል ሲገቡ ተመለከተ። መጨረሻ የገባችው ልጅ መምህሩን ስታይ በሩን ክፍት ተወችለት። እግሮቹ መንገዱን ያውቁታል። ዲበኩሉ ግን ወደ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ዞረ፤ ልጆቹ ያለ መምህር ብዙ እንዳይቆዩ ፈጠን ፈጠን እያለ ተራመደ።