የዕረፍት እጣ በሳልሳ ቆርቆሮ

ውባንተ ኩዌት አራት ዓመት ተኩል አንዲት ቀን ሳታርፍ ሠርታ ስትመለስ ሁለት ነገር ይዛ ገባች። አንደኛው መሐላ ነው። «የሰው አለቃ ከሆንኩ በእኔ ሥር ማንም ያለ ዕረፍት አይውልም» ብላ ምላለች። ሁለተኛው ስለት ነው። «በሰላም አገሬ መልሺኝ እንጂ በየካቲቱ በዓልሽ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላ ለትውልድ መንደሯ፣ ከዋንዛዬ ፍል ውሃ ማዶ ላለችው ኪዳነ ምሕረት ተስላለች። ጥላው ተገዝቷል፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ግን አምና የካቲት አሥራ ስድስት ሥራ ላይ ዋለች። ዘንድሮም ካልሄደች እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማይወስዳት ታውቀዋለች።

ስለቱን የበላው ደግሞ መሐላው ነው። ደብረ ታቦር ጋሽ ዘውዱ ምግብ ቤት በኃላፊነት በገባች በሳምንቷ ስድስቱን ሠራተኞች ሰብስባ «ሁላችሁም የምታከብሩትን ታቦት ንገሩኝ፤ በዚያ ቀን ታርፋላችሁ» አለች። አቤት የዋህነት! ለማን እንደምትናገር መች አወቀች? ወጥ ሠሪዋ እትዬ ማሬ ሚካኤልንና ገብርኤልን አስመዘገቡ። ደግ፣ ይገባቸዋል። አስተናጋጁ ታሪኩ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔዓለም እያለ ሲያስጽፍ ገጹ ሞላ።

«ታሪኩ፣ ሥራ የምትገባው መቼ ነው?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ ውቤ። ኃላፊዋ አንቺ አይደለሽ?»

ታቦት ያላስመዘገበች ዙለይካ ብቻ ነበረች፤ የሻይና የቡናው ማሽን ላይ የምትሠራው። ታዲያ በዓል በመጣ ቁጥር የቀረውን ሰው ማን ተክቶ ይሠራል? ዙለይካ። ዙለይካ ካልደረሰችስ? ውባንተ ራሷ፣ ትሪ ተሸክማ፣ ላብ በላብ ሆና። ጥላውም ዕቃ ቤት የስኳር ጆንያ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ሲመራት ጊዜ ሌላ ሕግ አወጣች፤ ማኅበር አለብኝ ብሎ የቀረ ሰው በማግስቱ የማኅበሩን ዳቦ ቆርሶ ያምጣ! ታሪኩ ምን ገዶት፣ በአቦ ማግስት ግማሽ ድፎ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፊቱን እንደ ዲያቆን አሳዝኖ መጣ። ሁሉም እያማተበ ቆረሰ። እትዬ ማሬ አንዴ ጎረሱና ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ይኼ የእኔ ዳቦ ነው!»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«ከትናንት በስቲያ እዚሁ የጋገርኩት ነዋ! በጎኑ ያረረችውን እኔ አላውቃትም? ግማሹ ጠፋብኝ ብዬ ድመት ሳባርር አይደል እንዴ የዋልኩት!»

ታሪኩ አማተበ። «እሱስ ልክ ነዎት። ግን አሁን ተባርኮ ነው የተመለሰ።»

ውባንተ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። ስትነሳ «በቃ!» አለች። «ለአንድ ሰው በወር አንድ ታቦት። እሱም በእጣ። የደረሰው ሰው ተራው የራሱ ነው፤ እኔም ብሆን አልነካበትም።»

«ዙለይካም እጣ ልታወጣ?» አለ ታሪኩ።

«ዙለይካ ሰው አይደለችም? ታወጣለች!»

ለስድስት ሠራተኛ ስድስት ወረቀት ቆረጠች፤ የየካቲትን ስድስት በዓላት ጻፈችባቸው፤ ጠቅልላ ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻቸው። ራሷን መቁጠር ረሳች። አትፍረዱባት እባካችሁ፤ አራት ዓመት ተኩል ራሷን ከሰው ሳትቆጥር የኖረች ሴት ናት። ቆርቆሮው ዞሮ ዞሮ ባዶውን እጇ ሲገባ ነው ነገሩ የገባት።

ያን ጊዜ ግን ቤቱ ገበያ ሆኖ ነበር። እትዬ ማሬ ጊዮርጊስ ደርሷቸው «ሚካኤሌን የወሰደብኝ ማነው?» ይላሉ። ታሪኩ ወንበር ላይ ወጥቶ «ሚካኤል እኔ ጋ ነው! ማርያምን የሚሰጠኝ ካለ የቅዳሜን ጠረጴዛ መጥረግ እመርቃለሁ!» ይላል። ጋሽ ዘውዱ በር ላይ ብቅ አሉና ደርቀው ቀሩ።

«በስመ አብ! እኔ ቤት ታቦት ይሸጣል?» ብለው አማትበው በመጡበት ተመለሱ።

ዙለይካ የእሷን ወረቀት ቀስ ብላ ፈታች። «ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ስድስት» ብላ አነበበች። ስለቱን የማያውቅ የለምና ሁሉም ወደ ውባንተ ዞረ።

«ዙሌ፣ አንቺ ምን ያደርግልሻል? ለኔ ስጪኝ» አለ ታሪኩ።

ለውባንተ የጎደላት እኮ አንድ ቀን ነው፤ አንዲት ቀን! ኃላፊ ነኝና አምጪ ብትላት ማን ይከለክላታል? ግን ምላለች። «የዙለይካ ነው። ማንም እንዳይነካባት» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

ዙለይካ ዕቃ ቤት ገባች። ስትወጣ ቀዩን ጥላ ይዛለች፤ ዘርፉ ላይ የተጣበቀውን ስኳር እያራገፈች።

«ይኼን ጥላ ስኳር በፈለግኩ ቁጥር እያነሳሁ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሰለቸኝ! ተራው የኔ ነው አላልሽም?»

«ያንቺ ነው።»

«የኔ ከሆነ ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ውሰጂና ሂጂ።»

«አንቺስ መቼ ልታርፊ?»

«ለኢድ። ማሽኑን አንቺ ትይዣለሽ።»

«እኔ ማሽን መቼ አውቄ!»

«ስትመለሺ አስተምርሻለሁ» አለች ዙለይካ፤ ጥላውንም አስታቀፈቻት። ውባንተ ሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች፤ እትዬ ማሬም ነገሩን በደንብ ሳይሰሙ አብረዋት አለቀሱ።

የካቲት አሥራ ስድስት ውባንተ በወረታ አድርጋ ሐሙሲት፣ ከዚያም በባጃጅ ተንገጫግጫ ደረሰች። ስለት የሚቀበሉት መሪጌታ ይርጋ ማይክራፎን ከጎናቸው አስቀምጠው ይመዘግባሉ።

«የክርስትና ስም?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«አብሮ የሚጠራ አለ?»

«ዙለይካ።»

ብዕሩ ቆመ። «የክርስትና ስሟን ነው የጠየቅሁሽ ልጄ።»

«የላትም አባቴ። ዕረፍቷን ሰጥታኝ ነው የመጣሁት። እሷ ባትሆን ጥላው ዘንድሮም ስኳር ላይ ነበር።»

መሪጌታ ጥላውን ገለጥ ቢያደርጉት እውነትም ስኳር ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ስኳሩንም አዩ፣ እሷንም አዩ። «እንግዲህ እመቤቴ ራሷ ታውቃታለች» አሉና ማይክራፎኑን አነሱ። «ከስደት በሰላም የተመለሰች ወለተ ሥላሴ፣ አንድ ጥላ! ዕረፍቷን የሰጠች ዙለይካ! እልል በሉ!»

ሕዝቡ እልልታውን ሲያቀልጠው ውባንተ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ምን ጉድ ነው የምሰማው?» አለች ዙለይካ።

«ስምሽን ጠርተው እልል እያሉልሽ ነው!»

ዙለይካ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ወዲያው ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ።

«ውቤ!» አለ ታሪኩ። «ኢድንም እኔ ላይ ጻፊልኝ! ከዛሬ ጀምሮ አከብራለሁ!»

«አንተ!» አለች ዙለይካ ከኋላ፤ «ስድስት ሻይ እየቀዘቀዘ ነው፣ ውሰድ!»