ዘበኛው ክፍሉ ውስጥ ነው

...ደግሞስ ስልክ ቁጥሬን ለማላውቀው ኩባንያ የምሰጠው ምን በወጣኝ፣ ብላ መጻፍ ትጀምርና ታቆማለች፣ ይሄንን ጽፋዋለች፣ ባለፈው ወር፣ እንዲያውም ረዘም አድርጋ፣ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ወሬያቸውን ሰው ቤት ሄደው ማውራታቸው አያሳፍርም ወይ የሚል ሁሉ አክላበት፣ ያልተስማማ አልነበረም፣ የቡድኑ አስተባባሪም እውነትሽን ነው ብሎ መጀመሪያ ያመጣውን ቻት ትቶ ሌላ ፈልጎ መጣ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ ስልክ ቁጥር የማይጠይቅ። ኔትወርክ የሚያስቸግረው ሰውስ ብትለው አቅልሎ አመጣው። ማየት የተሳነውስ ብትለው ማየት የተሳነው ጓደኛውን አስሞክሮ መጣ። እሺ ባይ ልጅ። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይከራከርም፣ ቢከራከር እኮ ተጣልተን እንገላገል ነበር።

እሁድ ከሰዓት ነው። ላፕቶፑ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ከገመድ የወረደ አንሶላ ታጥፋለች፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ገርበብ ካለው በር ውስጥ፣ የወንድሟ ኮምፒውተር ማራገቢያ ያንኮራፋል። ድምፅ መስጫው ዛሬ ይዘጋል። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፣ አሮጌውን የቻት ክፍል ዘግተን ወደ አዲሱ እንግባ ወይስ አንግባ፣ በቃ፣ ይሄ ነው ከጠዋት ጀምሮ ላፕቶፑ ፊት ያስቀመጣት፣ ጤነኛ ሰው ይስቅባታል።

ወንድሟ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም፣ ስሙም አልወጣም። ያው የቻት ክፍሉ ውስጥ፣ አሁን እዚህ አሉ ከሚለው ዝርዝር አናት ላይ፣ ዘበኛው ይላል፣ ከፊቱ ኮከብ፣ ኮከብ ማለት ቁልፍ ያለው፣ ክፍሉን መክፈትና መዝጋት የሚችል ሰው ማለት ነው፣ ስሙ እዚያ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። አለ።

ክፍሉ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ፎቶ የለ፣ ድምፅ የለ። ደግሞም ምንም አያስቀምጥም፣ ሰው በሌለበት የተወራው አለፈው፣ ሁለተኛ አያገኘውም፣ ሁሉን መስማት የፈለገ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ መዋል ነው። በየከተማው ያሉ፣ አብዛኞቹ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ከሥራ መልስ እዚያ እየተሰበሰቡ፣ ትንንሽ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች በነፃ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም ይሠራሉ፣ መደርደሪያው ላይ ምን አለ፣ የቱ መቼ ጊዜው ያልፍበታል የሚለውን የሚቆጣጠር። የጀመረው እሱ ነው። የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ባዶ ቤት እንዳያገኝ ብሎ ኮምፒውተሩን አያጠፋም ነበር፣ ሻወር ገብቶ እንኳ ከውስጥ ይጮኽ ነበር፣ እስቲ እይልኝ፣ ሰው መጣ እንዴ፣ ምን አለ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ ወጥቶ ይመልስላቸዋል፣ ወለሉን ማን ይወለውለው፣ እሷ። ዘበኛው አሉት፣ ወደደውና ስሙ አደረገው።

ሲሞት ለነሱ አልተናገረችም። ልትናገር ነበር፣ ጽፋው ነበር እኮ፣ ወዳጆቼ ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ዓይኗ ዝርዝሩ ላይ አረፈ፣ ስሙ እዚያ ተቀምጦ ሞተ ብሎ መጻፍ ውሸት መሰላት፣ አጠፋችው፣ ነገ አለች፣ ነገ ደግሞ ነገ አለች፣ አሁንማ እስከዛሬ የት ነበርሽ ይሏታል፣ እውነታቸውን ነው። የሱን ዘመን ያወቁትም አንድ በአንድ ትዳር፣ ሥራ፣ ሕይወት ወስዷቸው ድምፅ መስጠት ሲኖር ብቻ ብቅ የሚሉ ሆኑ። አዲሶቹ ሲገቡ ሰላም ዘበኛው ይላሉ። ዝም። ትንሽ ቆይተው ኩራተኛ ነገር ነው ይባባላሉ። አንዱማ ይሄ ዘበኛ ቆሞ ነው የሚተኛው ብሎ ጽፎ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ኪኪኪ ብላ ጻፈች። ኪኪኪ። ቢሮ ነበረች፣ ከዚያ ተነስታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች፣ ስትወጣ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ጉንፋን ነው አይደል አለቻት፣ አዎ፣ ሎሚ ጠጪበት፣ እሺ።

ያው ለእማዬም ስል ነው፣ ትላለች አሁን በልቧ፣ ማራገቢያው ዝም ቢል እማዬ ምን ትሆናለች፣ ልጇ ክፍሉ ውስጥ ያለ እየመሰላት አይደል የምትውለው። ለዚህ ብላ ነው ኮምፒውተሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ፣ ሲነሳም በራሱ ክፍሉ ውስጥ እንዲገባ ያስተካከለችው። እማዬን ተገን አድርጋ። ነፃ ሶፍትዌርን ተገን አድርጋ፣ ኔትወርክን፣ ማየት የተሳናቸውን ሳይቀር፣ ወይ አለማፈር።

ሕጉን ደግሞ የጻፈው ራሱ ነው። ቁልፍ የያዙት ሁሉ ድምፃቸውን ሳይሰጡ ክፍሉ አይዘጋም፣ አንድ ሰው ቢቀር እንኳ አይዘጋም፣ ማንም ሳይጠየቅ ከቤቱ አይወጣም ብሎ። ሁሉም ሰጥተዋል፣ እንግባ፣ እንግባ፣ እንግባ። የቀሩት እሷና ዘበኛው ናቸው። ስለዚህ ምንም ማድረግ የለባትም። ዝም ማለት ብቻ። የሞተ ሰው ድምፅ አይሰጥ፣ ክፍሉ አይዘጋ፣ ስሙ አይወርድ፣ እሷንም ማንም አይወቅሳት። አዲሱ ቤት ውስጥ ግን ይሄ አይሆንም፣ እዚያ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ነው ስሙን የሚያስገባው፣ የሌለ ሰው እንደሌለ ያሳያል።

ስልኳ ይንቀጠቀጣል። አስተባባሪው። እህቴ እንዴት ዋልሽ፣ ደህና፣ እናትሽስ እንዴት ናቸው፣ ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን፣ ላጣድፍሽ ብዬ አይደለም የደወልኩት፣ ግን የቀራችሁት አንቺና ያ ሰውዬ ናችሁ፣ የቱ ሰውዬ ትለዋለች፣ የቱ እንደሆነ እያወቀች፣ ዘበኛው ነዋ፣ ለብቻው ስንት መልእክት እንደላኩለት ብታይ፣ ሰላምታ እንኳ አይመልስም እኮ፣ ሁሌ ግን አለ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል። አውቀዋለሁ። እስቲ በናትሽ አንድ ነገር በይልኝ። እሺ፣ እለዋለሁ።

እለዋለሁ አልኩ እኔ፣ ምን ብዬ ነው የምለው፣ ልጁ ግን ገና አልጨረሰም፣ እኔ እኮ የምጨቀጭቃችሁ አዲስ ነገር አምሮኝ አይደለም ይላል፣ ያቺ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ከጻፈችልኝ ወዲህ ነው ውስጤ የተረበሸው፣ የቷ ሴትዮ፣ ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙን ስታሻሽለው አንድ የልጆች ሽሮፕ ጊዜው አልፏል ብሎ ቀይ አደረገባት፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ገና ነው፣ ግራ ገብቷት ልትጠይቅ ወደኛ መጣች፣ የሥራ ሰዓት ነው፣ እኔም የለሁ አንቺም የለሽ፣ አንድ ሰው ግን ነበረ አለች፣ ጠየቅኩት፣ ጠበቅኩት፣ ዝም አለኝ። እናትየዋን ከነታመመው ልጇ ነገ ተመለሺ ብላ ላከቻት፣ በማግስቱ አልመጣችም፣ እስካሁን አልመጣችም፣ የት እንደሄዱ አላውቅም ብላ ነው የጻፈችልኝ። እህቴ፣ አለሽ? አለሁ። በቃ አስበሽ ወስኚ፣ እኔ ምንም አልልም። እሺ። ቻው።

አንድ ሰው ግን ነበረ።

ትነሳለች፣ ወንበሩ ወለሉን ይፍቃል፣ እናቷ ቀና ትላለች፣ ማነው የደወለው፣ የሥራ ሰው ነው፣ እሁድ ቀን? እሁድም ይሠራሉ። ኮሪደሩ፣ በሩ፣ የአልጋው ልብስ እንደተወጠረ ነው፣ ጆሮ ማዳመጫው በቁስል ፕላስተር እንደተጠገነ ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ ተፍቀዋል፣ በልምድ ነበር የሚጽፈው። ማውሱን ነካ ታደርገዋለች፣ ስክሪኑ ይነቃል። ይሄ ኮምፒውተር ስለማይወጣ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ባትስበው ይሻላት ነበር፣ ትስበዋለች።

ሰላም ዘበኛው፣ ይቅርታ ላስቸግርህ።

ዘበኛው አለህ?

ሽሮፑን ቀይ አደረገብኝ፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ጊዜው ገና ነው፣ ማንን ልመን?

ሕፃን ነው የታመመው፣ እናቱ እዚህ ቆማለች።

ስምህ ስላለ ነው የምጠብቅህ።

እሺ ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ።

ከዚያ ወጥታለች ይላል።

ጠርሙሱን እመኚ። ይሄው ነበር መልሱ፣ ሁለት ቃል፣ ፕሮግራሙ ቀኑን ወር ወሩን ቀን አድርጎት ነው፣ እሷ ራሷ ናት በማግስቱ ያስተካከለችው፣ ቡና እየጠጣች፣ ቀላል ስህተት ብላ፣ ማን እንደጠየቀ ሳታውቅ፣ የት ነው አሁን ያ ልጅ፣ ትኩሳቱ ወርዶለት ይሆናል፣ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዳ ይሆናል፣ ይሆናል፣ በይሆናል ልትተኛ ነው እንግዲህ። እሱ ቢሆን ሳሙናው ሳይታጠብ ነበር እየሮጠ የሚወጣው። ባዶ ቤት እንዳያገኙ ነበር እኮ ያለው፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ቤቱን ባዶ አድርጌ መብራቱን አብርቼ ተውኩት፣ ሰው መብራት አይቶ እያንኳኳ፣ አለህ፣ አለህ እያለ፣ ከሌለ ሰው ስም አስለምኜ፣ አይ፣ ከሞተ። ከሞተ ሰው። ሞቷል እኮ። ትናደዳለች፣ መጀመሪያ በራሷ፣ ከዚያ በሱ፣ አንተስ ምን አስቸኮለህ፣ የልብ ድካም ያለበት ሰው ደረጃ እየሮጠ ይወጣል፣ ስንቴ ነገርኩህ፣ ከዚያ ንዴቱም ያልቅና እፍረቷ ብቻ ይቀራል።

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፣ የታጠፈውን አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ። ምን ሆንሽ ልጄ። ምንም። ምንም የሚል ፊት እንዲህ ነው እንዴ። እማዬ፣ ይሄን ኮምፒውተር ላጥፋው ይሆን፣ ማለቴ ካልከፋሽ። እናቷ አንሶላውን አልጋው ላይ ታስቀምጥና በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ረጅም ጊዜ፣ ምንም መጨማደድ የሌለበትን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን የሚያበራው ይመስልሻል ትላለች። ራሱ ነዋ የሚነሳው፣ አስተካክዬዋለሁ። የምን ራሱ፣ ተኝቶ ነው የሚቀረው፣ አንቺ ሥራ ነሽ፣ እኔ ነኝ ቁልፉን ጫን የማደርገው፣ ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ ወደዚህ ነው ጆሮሽን የምትጥይው፣ ድምፁ ቢጠፋ ልጄ ምን ትሆናለች ብዬ እንጂ እኔንማ ጆሮዬን በላኝ፣ ቀን አረፍ ልበል ብል ያንኮራፋብኛል።

ትስቃለች። ሳቁ መሀል ላይ ይሰበርና ሌላ ነገር ይሆናል፣ እናቷም አብራ፣ አንዷ ለአንዷ ስትል አንዱን ማራገቢያ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት፣ እሱ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው።

ላፕቶፑን ታመጣለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ በራሷ ስም ትጽፋለች፣ ሳታሳምር፣ ወዳጆቼ ሳትል። ዘበኛውን አትጠብቁት። ወንድሜ ነው፣ ካረፈ ዓመት አልፎታል፣ ስሙን እዚህ ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ ሳልነግራችሁ። ክፍሉን እንዝጋው፣ ወደ አዲሱ እንግባ፣ ይሄ ድምፄ ነው። የመድኃኒት ቤቷን እህት የሚያውቅ ንገሩልኝ፣ የጠበቀችው ሰው ኩሩ አልነበረም፣ ጠርሙሱን እመኚ ይላት ነበር፣ እናትየዋንም ከየትም ብላ ታፈላልጋት፣ እኔም አግዛታለሁ። ትልከዋለች። ማንም ምንም አይጽፍም፣ ስሞቹ ሁሉ አሉ፣ ዝም ብለዋል፣ ይሄን ዝምታ እሷ ታውቀዋለች።

አሁን የሱ ወንበር ላይ ናት፣ የሱ ኪቦርድ ላይ፣ ጣቷ ፊደል በሌለው ቁልፍ ላይ ትንሽ ይሳሳታል፣ አጥፍታ ደግማ ትጽፋለች፣ ውጣ የሚለውን ትእዛዝ። አንድ ቃል ነው። እናቷ ትከሻዋን ይዛለች። ትጫነዋለች።

ላፕቶፑ ላይ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ይጠፋል፣ ሁለተኛው ስም ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ከታች አንድ መስመር ይወጣል። ሰው ከዚያ ክፍል ሲወጣ ለቀሩት የሚታይ ቃል አስቀድሞ መጻፍ ይችላል፣ ረስታው ነበር፣ እሱ መቼ እንደጻፈው አታውቅም፣ ምናልባት ከዓመታት በፊት፣ ኮምፒውተሩ ለአፍታ ሲጠፋ ሰው እንዳያስብ ብሎ።

ምን ይላል፣ ትላለች እናቷ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።

ዘበኛው ወጥቷል ይላል።

ሌላስ፣ ከሥሩ የተጻፈው።

አሁን መጣሁ ይላል።

ማራገቢያው ገና ይዞራል። እናቷ ጎንበስ ትልና ያንን የለመደችውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትይዘዋለች፣ ድምፁ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከጎረቤት የሚወርድ ውኃ ይሰማል፣ ከመንገድ ጡሩምባ፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ለካ ነበረ።

እሺ በይዋ፣ ትላታለች እናቷ፣ ሰው መጣሁ ሲል ዝም ይባላል እንዴ።

እሺ፣ ትጽፋለች።